ዜና ሠላሳ ሰባት ድስት፦ ወይዘሪት ኢልሃም የእድሩን መዝገብ ያስከፈቱበት

ቢስሚላህ ብለን እንጀምራለን። በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዘመነ ማርቆስ በሚሉት፣ አያ ላቀው በእድራችን ዳኝነት በተቀመጡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ትልቁ ድንኳን በነፋስ በተቀደደ በሦስተኛው፣ አረፋ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሲሆነው፣ በወርኃ ሰኔ በአራተኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ የጎንደር የአዲስ ዓለም ተወላጅ፣ የነጋዴው የዐብዱልከሪም የልጅ ልጅ፣ ማራኪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አራት ዓመት በሚኒባስ ተመላልሰው የኮምፒውተርን ትምህርት የፈጸሙ፣ ጣታቸው ፈጣን፣ ወገባቸው ቀጭን፣ ብርድ የማይፈሩ፣ ቁርስ የማያስታውሱ ወይዘሪት ኢልሃም ከመኝታቸው ተነሥተው፣ ሹራብ ሳይደርቡ፣ በሳሎኑ ጠረጴዛ ከኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። ሹራብ ሳይደርቡ ያልነው ለነቀፋ አይደለም፤ ታሪክ እውነቱን መጻፍ ስላለበት ነው፤ ወሩ ሰኔ ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነበረ።

ተቀምጠውም የእድሩን መዝገብ ሊከፍቱ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ። የመዝገቡ ዘበኛም፣ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያሳልፋቸው የኖረው ዘበኛ፣ በቀይ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አዋጅ አወጣ፦

«የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት የለውም።»

ወይዘሪት ኢልሃምም ጣቴ ስቶ ይሆናል ብለው ደግመው ጻፉ፤ በሦስተኛውም እያንዳንዷን ፊደል እንደ ምስር እየለቀሙ ጻፉ፤ ዘበኛው ግን ያንኑ ደገመ። በዚያን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ፣ የታችኛውን ከንፈራቸውንም ነከሱ፤ ይህም የልጅነት ልማዳቸው ነው፣ ሲጨነቁ ይነክሱታል፣ ሲነክሱትም ይቆስላል።

የምን መዝገብ ነው ለሚል እንዲህ ነው። የሰፈራችን እድር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ ያቀፈ ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ አግዳሚ ወንበሩ አንድ፣ ሐዘንና ደስታውም አንድ ነው፤ ድስቱ ግን ሁለት ነው። የሙስሊሙ ሥጋ በሙስሊሙ ድስት፣ የክርስቲያኑም በክርስቲያኑ ይሠራል፤ ይህ ከአባት ከአያት የመጣ ነውና ማንንም ከማንም አላጣላም፤ ድስቱ ራሱ እስካልተቀላቀለ ድረስ። ከሠላሳ ሰባቱ ትልልቅ ድስቶች አሥራ ዘጠኙ የወዲያ፣ የክርስቲያኑ፣ አሥራ ስምንቱ የወዲህ፣ የሙስሊሙ ናቸው። በቀድሞ ዘመን የቀይና የአረንጓዴ ቀለም ምልክት ነበራቸው፤ ነገር ግን የሰፈራችን ሴቶች ድስት ሲፈትጉ የሚያዝኑለት ነገር የለምና ምልክቱንም አብረው ፈተጉት። ቀረ ከሥሩ በመዶሻ የተመታ ቁጥር ብቻ፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ደግሞ የተጻፈው በአያ ላቀው ደብተር ላይ ነበረ። በደብተሩም ላይ ወጥ ፈስሶ ስድስተኛው ገጽ ከሰባተኛው ሲጣበቅ፣ ድስት ከድስት ተቀላቀለና የአንድ ሰርግ ወጥ ሁለት ጊዜ ተሠራ፤ ሙሽራውም እስከ አሥር ሰዓት ውኃ ብቻ እየጠጣ ዋለ፤ እስከ ዛሬም ከሰፈራችን ሚስት አታግቡ እያለ ይመክራል ይባላል።

ከዚህም በኋላ ወይዘሪት ኢልሃም ተነሥተው፣ ዓመት ሙሉ ጓዳ ለጓዳ ዞረው፣ የእያንዳንዱን ድስት ሥር ገልብጠው አይተው፣ ጠርገው፣ ቆጥረው፣ ሁሉንም በኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ አኖሩ። መዝገቡም የሚኖረው ኮንቴይነር በሚሉት ነገር ውስጥ ነው። የኢልሃም አያት፣ የቤቱ ጠባቂ ወይዘሮ ኩልሱም፣ ኮንቴይነር ሲባል የሰሙ ዕለት እንደ ማራኪ መንገድ የቆርቆሮ ሱቅ መስሏቸው ግቢውን ዞረው ፈልገውት ነበር፤ ኋላ ግን እንደተነገራቸው ቆርቆሮ የለበትም፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ለብቻው የተዘጋ ሣጥን ነው፤ የራሱ በር፣ የራሱ ዘበኛ፣ ከበስተኋላውም መዝገቡ የሚከማችበት ጎተራ አለው። ሣጥኑ ቢነሣ ቢወድቅ ጎተራው ከቆየ መዝገቡ አለ፤ ጎተራው ከጠፋ ግን የለም።

ያን መዝገብ በዚያ ሐሙስ የፈለገው ብዙ ሰው ነበረ፤ እሑድ የሰፈራችን ልጅ የፈህሚያ ሰርግ ነውና። የድስቱ ግምጃ ቤት ሹም፣ በጅሮንድ ልንላቸው የሚገባን ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ይህን አወጁ፦

«አንቺ ኩልሱም! የሙሽራዪቱ እናት ድስት አምጪ ትለኛለች፣ እኔ ከየቤቱ ሰብስቤ ሠላሳ ሰባቱን ደርድሬ እንደ በግ ስቆጥር አረፈድሁ! የቱ የማን እንደሆነ ልጂቱ ካልነገረችኝ አንዱንም አላስነሣም። የዚያን ሙሽራ ዓይን አንዴ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል!»

ወሬውም አያ ላቀው ዘንድ ደረሰ፤ በሰፈራችን ወሬ ሹራብ ሳይለብስም ይሮጣል። አያ ላቀው ከዳባት ደጋ የመጡ፣ ድምፃቸው ከገደል ወዲያ ማዶ ላለ ሰው የተሠራ፣ ለደብተራቸው ግን ሆዳቸው የሚባባ ሰው ናቸው። እንዲህም አሉ፦

«በዘጠኝ ሰዓት ሸንጎው ከኩልሱም ቤት ይቀመጣል። መዝገቡ ከተከፈተ ሸጋ። ካልተከፈተ ግን ደብተሬ አልጋዬ ሥር ነው ያለ፤ አቧራውን አራግፌ እመጣለሁ፣ ከዛሬም ጀምሮ ወደ ደብተር ተመልሰናል።»

ይህ አዋጅ ለሌላው የድስት ነገር ነው፤ ለወይዘሮ ኩልሱም ግን ሌላ ነበረ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ወይዘሪት ኢልሃምን ነይና ሥሪ ብሎ ጠርቷቸው እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ እርሳቸውም በማክሰኞ ዕለት ጫማቸውን እያሰሩ፣ መዝገቡ ከቆመ እኔም እዚሁ እቆማለሁ፣ ደብተሩ ከተመለሰ ግን እዚህ ምን አለኝ፣ እሄዳለሁ ብለው ነበር። ጫማ እያሰሩ የተናገሩት ቃል ነው፤ ወይዘሮ ኩልሱም ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ማን ቁርስ ይሰጣታል፣ መኪናው እንዴት ነው፣ ብርዱስ እያሉ ያሰላስሉ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን በኮንቴይነሩ በር ላይ የቆመው ድስት ብቻ አልነበረም።

በዚያች ዘመቻ ከወይዘሪት ኢልሃም ጋር የተሰለፉት እነዚህ ናቸው፦ ኮምፒውተር አንድ፣ ማራገቢያው አስም እንደያዘው ሰው የሚያፍነው፤ የተሰነጠቀ ስልክ አንድ፤ የመዝገቡ የድሮ ግልባጭ አንድ፣ እርሱም የጥር ወር ብቻ የያዘ፤ በጠረጴዛው ሥር የተኛች ድመት፣ ለጦርነት የማትሆን፤ ከማድ ቤቱም በር ወይዘሮ ኩልሱም፣ ማንኪያ እንደ ጦር ይዘው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ እንዲህ ሆነ። ሣጥኑ ሲነሣ የሚያነበው የማዘዣ ወረቀት አለ፤ የይለፍ ቃሉም በዚያ ላይ ተጽፏል። ወይዘሪት ኢልሃምም ቃሉን በወረቀቱ ላይ ለውጠው፣ ሣጥኑን አጥፍተው አስነሡት። ዘበኛው ግን፣ «የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት የለውም» አለ። ለካ ያንን ወረቀት የሚያነበው ጎተራው በተሠራበት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲያ ቢለውጡት እንደ አምና የሰርግ መጥሪያ ዞር ብሎም አያየው። ወይዘሪት ኢልሃም የቀድሞውን ቃል መለሱለት፤ አሁንም እንቢ አለ። ሁለት ሰዓት እንዲህ ሲዋጉ፣ ቁርስ ቀርቦ በረደ፣ ተሙቆ ቀረበ፣ ደግሞ በረደ።

በሁለተኛው ግጥሚያ ረዳት ጦር ተጠራ። የአጎታቸው ልጅ አብዱልባሲጥ አይከል ከተማ ላይ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት የከፈተ፣ በራሱ የሚተማመን፣ የቻለውን ሁሉ በአምስት ደቂቃ የሚችል ሰው ነው። በስልኩ ውስጥ ሆኖ ቤቱን በሙሉ እያሰማ ይህን አወጀ፦

«ኢሉ፣ ምን ያንቀጠቅጥሻል! ጎተራውን ደምስሺው፣ ሣጥኑን እንደ አዲስ አንሺው፣ በአምስት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ይከፍትልሻል። እኔ እዚህ በሳምንት ሁለቴ አደርገዋለሁ። ግልባጭ የለሽም? የጥር? ይበቃል! ከጥር ወዲህ ድስት ወለደ እንዴ?»

ድስት አልወለደም፤ ነገር ግን ከጥር ወዲህ ነበረ ወይዘሪት ኢልሃም ከወለቃ መንገድ ወዲያ ያሉትን ቤቶች የዞሩት፤ ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ አንዱ የተመዘገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓቱ ግን ስድስት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ለዙህር ሰግደው ሲመለሱም ዘበኛው ያው ዘበኛ ነበረ። ዓይናቸው ቀላ። የመደምሰሻውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ጻፉት፤ የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ሆነ፤ ጣታቸውም ከቁልፏ በላይ ተንጠለጠለ።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ኩልሱም ከማድ ቤቱ በር ወደ ፊት ተራምደው፣ በዕድሜያቸው ካወጁት አዋጅ ሁሉ የሚበልጠውን አወጁ፦

«እጅሽን ከዚያ ላይ አንሺ! በዚህ ቤት በባዶ ሆድ የሚደመሰስ ነገር የለም። አያትሽ ሳይበላ የወሰነው ነገር አንድም ቀን አልበጀም። ፍርፍሩ ይበላል፣ ሻዩ ይጠጣል፣ ሹራቡ ይለበሳል፤ ከዚያ ወዲያ መደምሰስ ካማረሽ ያኔ እናያለን። ደግሞም ስሚኝ ልጄ፤ ትናንት ሰማዩ ሲያጓራ ሶኬቱን የነቀልሁት እኔ ነኝ። መብረቅ ይገባበታል ብዬ ነው። ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ልናገር ልናገር ስል አንደበቴ ታስሮ ነው።»

ይህን ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሡ። ወይዘሪት ኢልሃምም ጣታቸውን ከቁልፏ ላይ አነሡ፤ አያታቸውን አይተው ሊናገሩ ሲሉም የመጀመሪያው ጉርሻ አፋቸው ላይ ደረሰ። በቀኛቸው እየበሉ፣ ግራቸውም ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብለው በእርሱ ማውሱን ያንቀሳቅሱ ጀመር፤ በዚያም የዘበኛውን የውሎ ማስታወሻ ከፈቱ። ይህ ዘበኛ ለውጭ ሰው ምክንያቱን አይናገርም፣ ሌባ እንዳይማርበት፤ ለራሱ በሚይዘው ማስታወሻ ላይ ግን ሁሉንም ይጽፋል። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎ ተገኘ፦

«የዚህች ሰው የይለፍ ቃል ጊዜው አልፎበታል።»

ወይዘሪት ኢልሃምም እንዲህ ሲሉ ጮኹ፦ «እማ! አልፎበታል ይላል! ገና ሰኔ አይደለም እንዴ? ነሐሴ ሠላሳ ብዬ ጽፌለት!»

የዚህ የነሐሴ ሠላሳ ነገር ከሰኞ የመጣ ነው። በእድራችን ማብቂያ የሌለው ሹመት የለም፤ ግምጃ ቤቱን የያዘ ሁሉ ጳጉሜን ሲያልቅ ቁልፉን ያስረክባል፤ ሸንጎው ወዶ ከሰጠውም በመስከረም ይቀበላል። በሰኞም አያ ላቀው፣ «የኮምፒውተሩም ቁልፍ እንደ ሌላው ቁልፍ ይሁን ልጄ፤ ጳጉሜን አምስት ይለቅ» ብለው አዘዙ። ወይዘሪት ኢልሃምም ታዝዘው፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ሦስተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን ብለው ቢጽፉለት ዘበኛው፣ «አሥራ ሦስተኛ የሚባል ወር አላውቅም» አላቸው። እርሳቸውም ስቀው፣ እንግዲያው ጳጉሜንን ተወው፣ በነሐሴ ሠላሳ እንስማማ ብለው አሥራ ሁለተኛውን ወር ጻፉ፤ እርሱም ዝም ብሎ ተቀበለ።

አሁን ወይዘሮ ኩልሱም የቆሙት ከግድግዳው ካላንደር ሥር ነበረ። ያ ካላንደር በየቀኑ መደብ ሦስት አቆጣጠር፣ የሐበሻ፣ የሒጅራና የፈረንጅ፣ የተጻፈበት ነው፤ በአንደኛው የጎረቤቱን በዓል፣ በሁለተኛው ረመዷንን፣ በሦስተኛውም የልጆቹን የፈተና ቀን ሲያዩበት የኖሩበት፤ እርሳቸውም ቀን ሲነገራቸው የማን ቀን ነው ብለው ሳይጠይቁ የማያምኑ ሰው ናቸው። ማንኪያውን ወደ ካላንደሩ አንሥተው እንዲህ አሉ፦

«የማንን ዓመት ነው የሚቆጥረው? የኛን ነው የፈረንጁን? የፈረንጁማ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ካለፈ ስንት ዘመኑ፤ አንቺ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ቶንሲል ይዞሽ ሳልተኛ አላሳደርሽኝም?»

ወይዘሪት ኢልሃም የጎረሱትን ሳይውጡ ብድግ አሉ፤ ድመቷም አብራ ተነሣች። ነገሩ ይህ ነበርና፦ ዘበኛው የፈረንጅ ዘበኛ ነው፤ የተሰጠውን ቁልፍ ገና በተሰጠበት ሰኞ ከሰባት ዓመት በላይ እንዳለፈበት ቆጥሮታል። አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ያለ ጊዜ ዓመቱንም እንደማያውቅ መናገሩ ነበረ፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ። እንዴት እስከ ረቡዕ ሠራ ቢሉ፣ መዝገቡን የሚያሳየው ፕሮግራም ከሰኞ በፊት ገብቶ በውስጥ ተቀምጦ ነበረ፤ ዘበኛውም የገባን ሰው ውጣ አይልም። በረቡዕ ሶኬቱ ሲነቀል ሁሉም ወጣ፤ ሊመለስ ሲያንኳኳ ግን ቁልፉ ታየ።

ወይዘሪት ኢልሃምም ይህን ለአያታቸው አወጁ፦

«እማዬ፣ ጥፋትሽ አይደለም! ሶኬቱን ባትነቅይው ኖሮ ነገሩ የሚፈነዳው እሑድ ነበር፣ ድስቱ እሳት ላይ ተጥዶ። አንቺ ነሽ ያወጣሽን።»

ወይዘሮ ኩልሱምም አልሐምዱሊላህ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያም ወዲያው ተነሡ፣ ፍርፍሩ አላለቀምና።

ከዚህም በኋላ የመጨረሻው ግጥሚያ ሆነ፤ እርሱም አጭር ነበረ። ወይዘሪት ኢልሃም በውጩ በር መሄዱን ትተው በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ገቡ። ይህ ለነጋዴ ቤት ሰው ግልጽ ነው፤ በሱቁ በር የሚመጣ ማን ነህ ይባላል፤ ከጓዳ ወደ ሱቅ ለሚወጣ የቤት ልጅ ግን ማን ነሽ የሚል የለም። በውስጥ ሆነው በአንድ መሥመር ትእዛዝ ያንን ያረጀ ቀን ፍቀው፣ የሸንጎውን ሥልጣን ላለመጋፋት እስከ ነገ ማታ ብቻ ብለው፣ በፈረንጁ ዓመት ጻፉለት። ወደ ውጭም ወጥተው ቃላቸውን ሰጡ፤ ዘበኛውም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከፈተ።

መዝገቡም ከነሙሉ ሠላሳ ሰባቱ ተገለጠ። በመጀመሪያው መሥመር ላይ በጊዜው ሳይመለስ የቆየ ዕቃ ይወጣልና እንዲህ የሚል ወጣ፦ ትልቁ የሻይ ፔርሙስ፣ ከአረፋ ዋዜማ ጀምሮ፣ ኩልሱም። ስለዚህ ነገር ታሪክ ብዙ አይጽፍም፤ ፔርሙሱ ንጹሕ ነበረ፣ ሊመለስም ታስቦ ነበረ።

በዘጠኝ ሰዓት ሸንጎው ደረሰ። አያ ላቀው ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው፣ በጅሮንድ ትርንጎ የድስቶቹን ቁጥር በወረቀት ጽፈው፣ የሙሽራዪቱ እናት ፊታቸው ገርጥቶ፣ ከኋላቸውም ወንበር ያላገኙ ዘጠኝ ሰዎች፣ ጉዳዩ የማይመለከታቸው ግን ያልቀሩ፣ ገቡ። ትርንጎ ቁጥር ጠሩ፣ ወይዘሪት ኢልሃም የወዲያ ወይም የወዲህ እያሉ መለሱ፤ ሃያ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱም፣ አንዱ እጀታው በአምና ሰርግ የተነቀለ ብለው ጨመሩ፤ የነቀለውም ሰው ከዘጠኙ መካከል ነበረና ወደ መስኮቱ ዞረ። ሠላሳ ሰባቱ ሲያልቅ የሙሽራዪቱ እናት እልል አሉ። አያ ላቀውም የሆነውን ሁሉ አስተርከው ከሰሙ በኋላ ተነሥተው አወጁ፦

«ሸጋ ነው ልጄ። ደብተሬን ይዤ መጥቼ ነበር፣ ይዤው እመለሳለሁ፤ ወጥ ያልነካው ገጽ አለው፣ ለሌላ ይሆናል። ጥፋቱም የኔ ነው፤ ጳጉሜን ብዬ አዘዝሁ እንጂ የማን ጳጉሜን ብዬ አልተናገርሁ። ፈረንጅ ጳጉሜን እንደሌለው በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ሰማሁ። ምስኪኖች! እነዚያን አምስት ቀኖች የት ያደርጓቸዋል?»

ወይዘሪት ኢልሃምም እንዲህ ብለው መለሱ፦

«አያ ላቀው፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ማብቂያ የሌለው ቁልፍ ልጻፍለት? ቀን በሚጻፍበት ላይ ዘላለም የሚል ቃል ይቀበላል። ከዚያ በኋላ እኔ ኖርሁም አልኖርሁም ይሠራል።»

ሸንጎው በዚህ ቃል ደስ ሊለው ነበረ። ወይዘሮ ኩልሱም ግን ኖርሁም አልኖርሁም የሚለውን ሰሙ፤ ከተናገሩትም ቃል ሌላ አልሰሙም። ፔርሙሱን ከነሻዩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንዲህ አወጁ፦

«አኡዙ ቢላህ! ዘላለም የአላህ ብቻ ነው! ለድስት መዝገብ ዘላለም ይጻፋል? አያ ላቀው፣ እርስዎስ ምን ይላሉ፣ በእናንተስ ሃይማኖት ይሆናል? ቁልፉ እንደ ሥርዓታችን ከዓመት እስከ ዓመት ይሁን። መስከረም በጠባ ቁጥር ይታደስ፤ የሚያድሰውም የሠራው ሰው ነው፤ እዚሁ መጥቶ፣ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቁርስ በልቶ። በስልክ አይሆንም። አብዱልባሲጥም ከአይከል አይነካውም!»

አያ ላቀውም ወይዘሮ ኩልሱምን ረጋ ብለው አዩዋቸው፤ የእርሳቸውም ሁለት ልጆች ከሰፈሩ ወጥተው በሩቅ ነውና የሚኖሩ፣ የሚያዩትን ዐወቁ። አንገታቸውንም ነቅንቀው፣ «እውነት ነው፣ ዘላለም የፈጣሪ ነው፤ እንደተባለው ይጻፍ» ብለው አጸኑት።

ወይዘሪት ኢልሃምም አያታቸውን አይተው ፈገግ አሉ። ወይዘሮ ኩልሱም በካላንደሩ ላይ በጣታቸው ሦስት ጊዜ ቆጥረው የመስከረም አንድን የፈረንጅ ቀን ነገሯቸው፤ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ሆነ፤ እርሳቸውም ጻፉት። ለአዲስ አበባ ሰዎችም በዚያው እንደተቀመጡ፣ መጀመሪያ መስከረም ይጥባ፣ ከዚያ እንነጋገራለን የሚል መልስ ላኩ።

እንግዲህ እኒህ ናቸው ወይዘሪት ኢልሃም፣ ዘበኛን ያለ ጠብ ያስከፈቱ፣ የኛንና የፈረንጁን ዓመት ያስታረቁ፣ ሃያ አንዱን ድስት ከመደምሰስ ያዳኑ፣ የወዲያውን ከወዲህ ሳይቀላቅሉ ፈህሚያን በአንድ ሰርግ ብቻ የዳሩ፤ ዝናቸው ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች እስከ አይከል የፎቶ ኮፒ ቤት የተሰማ፤ በማታም ብርዱ ሲገባ፣ ማንም ሳያውጅባቸው፣ ሹራባቸውን በገዛ እጃቸው የለበሱ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ለእርሱስ ማብቂያ ቀን አንጽፍለትም።